ለአው ነስሩ ፎቶ ቤት የሠራሁት ማስታወቂያ

ገበያ በቀዘቀዘ ቁጥር የመካሪ ብዛት እንደሚጨምር አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ነጋዴው ሱቁ በር ላይ ወንበር አውጥቶ፣ እግሩን አጣጥፎ፣ የሚያልፈውን ባጃጅ ሲያይ ይውላል፤ ከባጃጁ ውስጥ ደግሞ አንድ መካሪ ይወርዳል። «ዕቃህን ለምን ኦንላይን አታወጣም?» ይለዋል። ይመክራል እንጂ አይገዛም። በነዚህ ዓመታት ሁሉ ነገር በየሳምንቱ ሲወደድ፣ የሰው ኪስ ደግሞ እየሳሳ ሲሄድ፣ በድሬዳዋው ታይዋን ገበያ ውስጥ ሳይቀር ሰው ሸሚዝ አንስቶ፣ ደረቱ ላይ ለክቶ፣ ራሱን በመስታወት አይቶ፣ አመስግኖ መልሶ የሚሄድበት ጊዜ መጣ። መካሪ የበዛው ያኔ ነው። ምን እደብቃችኋለሁ፤ አንዱ መካሪ እኔ ነበርኩ።

ከዚያ በፊት በትራንዚት ሥራ ነበር የምተዳደረው። የሰው ዕቃ ከጉምሩክ እንዲወጣ ወረቀት ይዞ ከመስኮት ወደ መስኮት መሮጥ ማለት ነው። የሚገባው ዕቃ ሲቀንስ ወረቀቱም ቀነሰ፤ ወረቀቱ ሲቀንስ እኔ ትርፍ ሆንኩ። ቤት በተቀመጥኩ በሁለተኛው ወር «ዲጂታል ማርኬቲንግ ለአነስተኛ ነጋዴዎች» የሚባል የሦስት ቀን ሥልጠና ገባሁ። ነጋዴ አልነበርኩም፤ አነስተኛ ግን ነበርኩ። አሠልጣኙ ፈጣን ሰው ነው። ከተናገረው ሁሉ ሁለት ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ። አንደኛው፣ «ማስታወቂያ ገንዘብ አይፈልግም፤ እጃችሁ ላይ ያለውን አውጡት።» ሁለተኛው፣ «ሰውን ጥያቄ ጠይቁት፤ ሰው መልስ መስጠት ይወዳል።»

እነዚህን ሁለቱን ይዤ ከተማውን ዞርኩ። ለአንድ ጫማ ሠሪ የቴሌግራም ቻናል ከፈትኩለት፤ የተከታተሉት ዘመዶቹ ብቻ ነበሩ። ለአንዲት ሳምቡሳ ጠባሽ ግን ሳምቡሳው ዘይት ውስጥ ሲገባ የሚያሰማውን ድምፅ ቀርጬ ቲክቶክ ላይ ለቀቅሁላት፤ በሳምንቱ ሰልፍ ተሠራ። ከዚያ በኋላ ማን ይቻለኝ። መንገድ ላይ ሰው ሰላም ስል እንኳ ዓይኔ ወደ ሱቁ ነበር የሚያማትረው።

ዓይኔ አው ነስሩ ፎቶ ቤት ላይ ያረፈው እንዲህ ባለው ሰሞን ነው።

«አው» በሐረሪዎች ዘንድ የክብር መጠሪያ ነው፤ ጋሼ እንደማለት። እንዲህ አክብሬ ስጠራው ቆይቼ መልሼ «አለ»፣ «መጣ» ስል ግር እንዳይላችሁ። ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙ አይበረክትም፤ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም አንተ ነው የምንለው፣ ክብሩን በድምፃችን ነው የምንጨምርበት። አው ነስሩ ሰባ ዓመት ያለፈው፣ ቀጭን፣ ዘወትር ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነው። ፎቶ ቤቱ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ነበር። ከውስጥ ግድግዳውን የሚሸፍን አንድ መጋረጃ አለ፤ ባሕርና መርከብ ተስሎበታል። እናንተዬ፣ የደቻቱ ወንዛችን እንኳ ውኃ የሚያየው ክረምት ሲቆጣው ብቻ ነው፤ የድሬ ሰው ግን እዚያ መጋረጃ ፊት ቆሞ ስንት ዘመን ባሕር ዳር ተነሣ።

አው ነስሩን ያኖረው ጉርድ ፎቶ ነበር። ለመታወቂያ፣ ለፈተና፣ ለሥራ ማመልከቻ የማይነሣ አልነበረም። አሁን መሥሪያ ቤቶቹ ራሳቸው ያነሣሉ። ለዒድና ለእንቁጣጣሽ ልጆቹን አሰልፎ የሚመጣው አባወራም ቀረ፤ ልጆቹን በስልኩ ያነሣል፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ አዲስ ልብስ ያልገዛላቸውን ልጆች ይዞ ፎቶ ቤት የሚሄድ አባት የለም። አው ነስሩ ጠዋት ይከፍታል፣ ሌንሱን ይወለውላል፣ ማታ ይዘጋል። የኖረበት ሥራ ነውና ቤቱ መቀመጥ አልቻለበትም።

ገብቼ ያቺን ከሥልጠናው ያገኘኋትን ጥያቄ ጠየቅሁት። «እጅህ ላይ ምን አለ?»

ወደ ጓዳው ወሰደኝ። ከወለል እስከ ጣሪያ የድሮ የፎቶ ወረቀት ሳጥን ተደርድሯል። በየሳጥኑ ፖስታ፣ በየፖስታው ኔጋቲቭ፣ በየፖስታው ጀርባ ስም። በድሬ የኖረ ሰው ሁሉ፣ ያገባው፣ የተመረቀው፣ የተሰደደው፣ የሞተው፣ እዚያ ጓዳ ውስጥ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ ተኝቷል። እኔ ግን ሰው አልታየኝም። ማስታወቂያ ነው የታየኝ።

«ይሄን ብናወጣው አገር ይነቃነቃል» አልኩት።

«የሰው ነው» አለ አው ነስሩ። «ያኒ፣ እኔ ጋ የተቀመጠ የሰው አማና ነው።»

አማና ማለት አደራ ነው። ቃሉን አሳምሬ አውቀዋለሁ። ግን ሥልጠናው ላይ አልነበረም።

ሳምንት ሙሉ እየተመላለስኩ ነዘነዝኩት። ሰው የድሮ ፎቶ ሲያይ ፎቶ ቤቱን ያስታውሳል፣ ፎቶ ቤቱን ሲያስታውስ ልጆቹን ይዞ ይመጣል፣ አልኩት። ስናገር ራሴም አምኜው ነበር። በመጨረሻ አንድ ከሰዓት ላይ፣ ማንም ሳይመጣ የዋለበት ቀን ነበር፣ «እሺ» አለኝ። «ግን እኔ ያላየሁት አይወጣም። የኳስ ቡድን፣ የትምህርት ቤት ተማሪ፣ የባቡር ሠራተኛ፣ በሰው ፊት የተነሡትን ብቻ። ብቻውን መጥቶ የተነሣ ሰው አይነካም።»

ተስማማን። እኔ ኔጋቲቩን ነጭ ወረቀት በተለጠፈበት መስኮት ላይ አድርጌ በስልኬ አነሣዋለሁ፤ አንድ መተግበሪያ ጥቁሩን ወደ ነጭ ይመልሰዋል። የፌስቡክ ገጹን «የአው ነስሩ ሳጥን» አልነው። መጀመሪያ የወጣው ሰፊ ሱሪ የለበሰ የኳስ ቡድን ነበር። በሁለት ቀን ውስጥ ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ በስም ተለዩ፤ የአንዱ ልጅ ከሩቅ አገር ሆና «አባዬን በዚህ ዕድሜው አይቼው አላውቅም ነበር» ብላ ጻፈች። ያንን ሳነብለት አው ነስሩ መነጽሩን አውልቆ ሲጠርግ ቆየ። ያ ቀን ጥሩ ቀን ነበር። ጥሩ ቀን እንደነበር መካድ የለብኝም።

ተከታዩ እንደ ጉድ በዛ። ደንበኛስ? አንድ ሰው መጣ። የአጎቱን ፎቶ እንደገና እንድናጥብለት ፈልጎ ነው ብለን ደስ አለን፤ ፈልገን አወጣንለት። ኔጋቲቩን መስኮቱ ላይ አድርጎ በስልኩ አነሣው፣ አመሰገነ፣ ሄደ። ዘዴውን ከኔ ገጽ ላይ ነበር የተማረው።

ሁለት ወር ያህል እንዲህ ሄድን። ከዚያ ሰዉ ለመደው። የኳስ ቡድን ቢሉት፣ የትምህርት ቤት ሰልፍ ቢሉት፣ «ወይኔ ጊዜ» ብሎ የሚያልፍ ብቻ ሆነ። የልብ ምልክቷ ቀን በቀን ስታንስ ሳይ፣ እኔ በሰው ሱቅ ገጽ ላይ፣ እንደ ታመመ ሰው ሙቀት መለካት ጀመርኩ። ጠዋት እንደነቃሁ እጄ ወደ ስልኩ ነው። ይህ በሽታ የያዘው ሰው እናንተም መሐል ይኖራልና ብዙ አላብራራም።

በዚህ መሐል አው ነስሩ ዘመዱ ሞቶበት ለለቅሶ ሐረር ሄደ። የፎቶ ቤቱን ቁልፍ እኔ ጋ ተወልኝ። «ሦስት ቀን ነው፤ አቧራውን ብቻ ጥረግልኝ» አለኝ።

አቧራውን ጠረግሁ። ከጠረግሁ በኋላ አንድ ሳጥን አወረድኩ።

ፖስታው ላይ «ሙና እና ሰአዳ» ይላል፤ ከሥሩ በዓረብኛ አንድ ቃል ተጽፏል፣ ማንበብ አልችልም። ስልኬ ላይ ሳየው ግን ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሁለት ልጃገረዶች፣ ፀጉራቸውን አፍሮ አበጥረው፣ እጅጌ የሌለው አጭር ቀሚስ ለብሰው ባሕሩ ፊት ቆመዋል። አንደኛዋ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ እየሳቀች ነው፤ ሌላዋ ትከሻዋ ላይ ተደግፋ ዓይን ዓይኗን ታያታለች። ስቱዲዮ ውስጥ ሰው እንዲህ አይስቅም። ስቱዲዮ ውስጥ ሰው ይኮሳተራል። ከስንት ሺህ ኮስታራ ፊት መሐል ይህን ሳቅ ማግኘቴ ዕድሌ መሰለኝ። የአው ነስሩ ቃል ትዝ ብሎኛል፤ ጠፋኝ አልልም። «ስንት ዓመት ያለፈው ነገር፣ ማን ያውቃቸዋል» አልኩ። ማንም እንደማያውቃቸው ለራሴ ከነገርኩ በኋላ ደግሞ ምን ብዬ ለጠፍኩት መሰላችሁ? «የድሬ ልጆች ድሮም ዘናጭ ነበሩ። እነዚህን ቆነጃጅት የሚያውቅ አለ?»

ሰው መልስ መስጠት ይወዳል።

እስከ ቀትር ድረስ አድናቆት ነበር። ከቀትር በኋላ አንዲት ሴት እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «በግራ በኩል ያለችው አዴ ሙና አይደለችም እንዴ? ልጆቻችንን ቁርአን የምታስቀራው?» ከሥሩ የሳቅ ምልክት ተደረደረ። ከሳቁ ቀጥሎ ስድብ መጣ፣ ከስድቡ ቀጥሎ ተቆጪ፣ ከተቆጪው ቀጥሎ ተቆጪውን የሚቆጣ። ገጹ እንደዚያን ቀን ሞቆ አያውቅም። እኔ ኮሜንቶቹን ማንበብ ያቆምኩት ዘግይቼ ነው፤ አጠፋሁት፣ ግን ያኔ በየቡድኑ፣ በየቤተሰቡ ቴሌግራም ደርሶ ነበር።

አዴ ሙና፣ «አዴ» ለሴት እትዬ እንደማለት ነው፣ በማግሥቱ መጣች። አው ነስሩም ያን ጠዋት ከሐረር ገብቶ፣ ነገሩን ከባጃጅ ሹፌሩ ሰምቶ፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ስድሳ አምስት ዓመት የሚሆናት፣ ጥቁር ድሪያ ቀሚስ የለበሰች፣ ከመጋላ ሰፈር የደቻቱን ድልድይ በእግሯ ተሻግራ የመጣች ሴት ናት። ላቧን በነጠላ ሻሿ ጫፍ ጠረገች። ውኃ ስንሰጣት አልተቀበለችም። ለእኔ ሰላምታ ሰጥታ ፊቷን ወደ አው ነስሩ አዞረች።

«ነስሩ፣ ያን ቀን ከዚህ ስወጣ ምን ብዬህ ነበር?»

«ለማንም እንዳታሳይ» አለ አው ነስሩ፣ መሬት መሬት እያየ።

«አንተስ ምን አልከኝ?»

«አማና አልኩሽ። ፖስታው ላይም ጻፍኩት።»

ያቺ ያላነበብኳት የዓረብኛ ቃል እሷ ነበረች።

ጣልቃ ገባሁ። «አዴ ሙና፣ እሱ አላየውም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ከገጹ ላይ አጥፍቼዋለሁ።»

«ከስልክህ አጠፋኸው» አለችኝ። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ከሰዉ ስልክስ?»

ስልኬን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ሰዉ አፍራ ነው ይላል። ወላሂ አላፈርኩም» አለች። «አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ያቺ ሰአዳ ናት፣ ጓደኛዬ። ቀሚሱን ራሷ ናት የሰፋችው፤ ሁለታችንም እዚሁ ጓዳ ነው የቀየርነው፣ ውጭ ለብሰነው አልወጣንም። በዓመቱ በወሊድ ሞተች። ፎቶውን ሳጥኔ ውስጥ ቆልፌ ብቻዬን ነው የማየው። ልጆቼ እንኳ አያውቁትም። አሁን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሰአዳን እየሰደባት ነው፣ ማን እንደሆነች ሳያውቅ።» እጇን ወደ ድልድዩ አቅጣጫ ዘረጋች። «ማሳየት ካስፈለገ እኔ ነበርኩ የማሳየው። ልትጠይቀኝ ብትፈልግ ደግሞ ድልድዩን መሻገር ነበር። ሩብ ሰዓት አይሞላም።»

አው ነስሩ ተነሥቶ ፖስታውን በሁለት እጁ ሰጣት። ተቀብላው ወጣች። በሩ ድረስ ተከተላት፤ ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፣ በሐረሪ ነበር።

ከዚያ በኋላ ጥፋቴን ላርም ብዬ የሠራሁትን ልንገራችሁ። ገጹ ላይ ይቅርታ ጻፍኩ። ረጅም፣ ከልብ የሆነ ይቅርታ። ጽሑፉ ከፎቶው ይበልጥ ተሠራጨ። ፎቶውን ያላየው ሰው ሁሉ «ለምኑ ነው ይቅርታ የሚጠይቀው?» ብሎ ፍለጋ ወጣ። አዴ ሙና ጋ ቁርአን ከሚቀሩት ልጆች አንዳንዶቹን እናቶቻቸው ከትምህርቱ አስቀሩ። ክፋት ኖሯቸው አይመስለኝም፤ የጎረቤት አፍ ፈርተው ነው። ከትምህርቱ የቀሩት ልጆች ግን በዚያው ቀሩ። አሁንም ድልድዩ ላይ ስንገናኝ ሰላምታዬን ትመልሳለች። ከዚያ በላይ አላገኘሁም፤ ከዚያ በላይ የመጠየቅ ድፍረትም የለኝም።

አው ነስሩ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ፎቶ ቤቱን ለጥቂት ቀናት ዘግቶ ሰነበተና አስጠራኝ። ስሄድ ሳጥኖቹ በሙሉ ወርደው ወለሉ ላይ ተደርድረዋል።

«አንድ የመጨረሻ ነገር ጻፍልኝ» አለ። «ፎቶ ቤቱ ሊዘጋ ነው። ፊልማችሁን መጥታችሁ ውሰዱ። የሞተ ሰው ካላችሁ እናንተ ውሰዱለት። ሌላ ቃል አትጨምር።»

አልተከራከርኩትም። ሌላ ቃል ሳልጨምር፣ ጥያቄም ሳልጠይቅ፣ የነገረኝን ብቻ ጻፍኩ።

እናንተ ሆይ፣ ያን ቅዳሜ ከዚራን ባያችኋት። ሰልፉ ከፎቶ ቤቱ በር ተነሥቶ ዛፎቹን ተከትሎ እስከ መታጠፊያው ደርሶ ነበር። በዱላ የሚሄድ የድሮ የባቡር ሠራተኛ፣ ሕፃን ያዘለች ሴት፣ ሱቁን ዘግቶ የመጣ ነጋዴ። አው ነስሩ በሩ ላይ ቆሞ ስም ይጠራል፤ ለኦሮሞው በኦሮምኛ፣ ለሶማሌው በሶማሊኛ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ሁለት ቃል ጨምሮ። ሰዉ ኔጋቲቩን ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ ያያል። አንድ ትልቅ ሰውዬ ለረጅም ጊዜ አይቶ ሲያበቃ «ዋሪያ፣ ይሄ ቀጭን ልጅ እኔ ነኝ?» ብሎ የማያውቀውን የጎኑን ሰው ጠየቀ። አንዲት ሴትዮ የእናቷን ተቀብላ፣ ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ማንንም ሳታናግር ሄደች። ያ ፎቶ ቤት ስንት ዓመት እንዲህ ያለ ሰው አላየም። በሕይወቴ የሠራሁት እውነተኛ ማስታወቂያ እሱ ነው፤ መዝጊያው። ከሰልፉ ውስጥ አንድም ሰው «አንሣኝ» አላለም።

ከሰዓት ላይ ሰልፉ ሲሳሳ፣ አው ነስሩ «ጌታቸው» ብሎ ተጣራ። ሌላ ጌታቸው የመጣ መስሎኝ ወደ በሩ ዞርኩ።

«አንተን ነው» አለኝ፤ ፖስታ ዘረጋልኝ። ስሜ ተጽፎበታል፤ ከስሜ አጠገብ ደግሞ የአንዲት ልጅ ስም። ከፈትኩት። ባዶ ነው።

ባዶ መሆኑን ሳልከፍተውም አውቅ ነበር። እስካሁን አልነገርኳችሁም። ሥራውን በጀመርን በሁለተኛው ቀን፣ ሳጥኖቹን ስፈትሽ ራሴን አግኝቼዋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመቴ፣ የተውሶ ኮት፣ ከጎኔ እጄን የያዘች ልጅ። ባለቤቴ አይደለችም። ክፉ ነገር አልነበረውም፤ ሁለታችንም ልጆች ነበርን፣ ነገሩም ቶሎ አለቀ። ግን ባለቤቴ ፌስቡክ አላት። አው ነስሩ ሻይ ሊያዝ ወጣ ሲል ፊልሙን አውጥቼ ኪሴ ከተትኩ፣ ፖስታውን ቦታው መለስኩት። ማንም አልመከረኝም፤ ሥልጠናም አላስፈለገኝም። ስለዚህ በአዴ ሙና ነገር ላይ «አላወቅሁም ነበር» ማለት አልችልም።

«መቼ አወቅህ?» አልኩት።

«በማግሥቱ።»

«ለምን ዝም አልከኝ?»

አው ነስሩ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ።

«የራሱን የደበቀ ሰው የሰውንም ይደብቃል ብዬ» አለኝ። «ቁልፉንም ለዚያ ነው የተውኩልህ።»

ከዚያ ቀጣዩን ፖስታ አንሥቶ ስም ጠራ። ከሰልፉ ኋላ አንድ ሰው አቤት አለ፤ መንገድ ለቀቅሁለት።